የጋሽ ደርቤ እጅ ጽሑፍ

ሰቆጣ ውስጥ ዕቃ ሲገዛ መከራከር ግዴታ ነው። ሻጩ ሦስት መቶ ይላል፣ ገዢው መቶ ሰማንያ ይላል፣ ከዚያ እየተኳረፉም እየተመራረቁም መሐል ላይ ይገናኛሉ። ይህን ክርክር የሚያቆመው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጋሽ ደርቤ በካርቶን ቁራጭ ላይ የጻፉት ዋጋ። እሱ የተንጠለጠለበት ዕቃ ላይ ሰው አፉን አይከፍትም። «ደርቤ ጽፎታል» ከተባለ አለቀ። በኋላ በኋላማ ከዕቃም አልፎ ለሌላው ነገር ሁሉ ይባል ጀመር። የሰርግ ቀን ሲቆረጥ፣ የቤት ኪራይ ሲዋዋሉ፣ ሰዎች «ደርቤ ጽፎታል» ብለው ይጨባበጡ ነበር።

እኚህን ሰው ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ። ስሜ የሺዋስ ይባላል፤ ሥራዬ ለሱቆች ዋጋና ማስታወቂያ የሚያትም የኮምፒውተር ፕሮግራም መሥራት ነው። ይህን የምጽፈው ይቅርታ ፍለጋ አይደለም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሰው አያናግሩኝም፤ እውነታቸውን ነው። ከተማው ግን ስለ እሳቸው የሚያወራው ነገር ውሸት ስለሆነ፣ እንዴት እንደሆነ ከሥሩ የሚያውቅ ሰው ይኑር ብዬ ነው።

ጋሽ ደርቤ ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። በጉልምስናቸው ሰሌዳ ጸሐፊ ነበሩ። የከተማው ምግብ ቤት፣ ጋራዥ፣ ፀጉር ቤት ሁሉ ስሙን በራሱ ላይ ያየው በእሳቸው ብሩሽ ነው። ከወልዲያ በማሽን የታተመ ባነር ተጠቅልሎ በአውቶቡስ መምጣት ሲጀምር ብሩሹ ሥራ ፈታ። እሳቸው አላማረሩም፤ ማርከር ገዙና ወደ ሱቅ ገቡ። የሳሙናና የብስኩት ካርቶን በምላጭ ይቆርጣሉ፣ በማስመሪያ ሁለት ስስ መስመር ያሰምራሉ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጽፋሉ። ፊደላቸው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቃሉ ሊያልቅ ሲል ብቻ ትንሽ ወደ ቀኝ ጋደል ይላል። ምንም ሳይገዙ ፊደሉን አይተው የሚወጡ ተማሪዎች ነበሩ፤ አንዱ እኔ ነበርኩ።

ሰው ይበልጥ የሚያምናቸው ግን ዕቃ የሚያበቃበትን ቀን በመጻፍ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የሚያበቃበት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚታተምበት፤ እሱም ከቆርቆሮው ሥር፣ ማንም በማያይበት ቦታ። ጋሽ ደርቤ እያንዳንዱን ዕቃ ገልብጠው፣ አንብበው፣ በጣታቸው ቆጥረው ወደ እኛ ቀን ይመልሱትና «እስከ ኅዳር 20» ብለው ይጽፉታል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ የእሳቸውን እጅ ለይቶ ያውቃል። ከገጠር የሚመጡ፣ ኽምጣኛ እንጂ አማርኛ የማይቀናቸው እናቶች ካርቶኗን በጣታቸው ነካ አድርገው «ደርቤ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ አዎ ከተባሉ ይገዛሉ።

አብዛኛውን ሥራቸውን የሚሠሩት መልሰው የሚባል ነጋዴ ሱቅ ነበር። አቶ መልሰው ማለት ነበረብኝ፤ ሰውየው አርባ አምስት ዓመቱ ነው፣ ከተማው ውስጥም ትልልቅ ከሚባሉት ሱቆች አንዱ የእሱ ነው። አንቱታዬን ግን ከነሳሁት ቆይቻለሁ። አንድ ቀን መልሰው የከረመ ዱቄት ላይ «አዲስ የገባ» ብለው እንዲጽፉ ጠየቃቸው። ጋሽ ደርቤ አልተቆጡም፣ ክርክርም አልገጠሙ። ማርከራቸውን ከደኑና ወጥተው ደረጃው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀመጡ። ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ጋሽ ደርቤ፣ ምነው ውጭ?» ይላቸዋል፤ እሳቸው «ዱቄቱ እስኪወጣ ነው» ይላሉ። ከምሳ በኋላ መልሰው ዱቄቱን ራሱ ከመደርደሪያ አወረደው። ሳሙና ልገዛ ገብቼ ስለነበር ሰው ሲስቅ እሱም አብሮ ሲስቅ አይቼዋለሁ። የጥርስ ሳቅ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አስጠራኝ። ከዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ሁለት ዓመት እናቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ መብራት አልነበረም፤ መብራት ሲመጣ ደግሞ ሥራ አልነበረም። ላፕቶፕ አንግቼ በከተማው ስዞር ሰው «ዛሬስ ተቀጠርክ?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

«ስማ የሺዋስ» አለኝ መልሰው፣ «ትልቅ ከተማ ያሉ ሱቆች ዋጋቸውን በማሽን ነው የሚያትሙት አሉ። እኔስ ከማን አንሳለሁ?»

«ከማንም አታንስ» አልኩት።

ሦስት ወር ሠራሁለት። ዕቃው ኮምፒውተር ላይ ይመዘገባል፣ ዋጋው ይገባል፣ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ትንሿ ፕሪንተር ስቲከር ትተፋለች። ማስታወቂያም ያወጣል፤ «ለዚህ ሳምንት ብቻ» ይላል፣ «ሁለት ለገዛ አንድ በነፃ» ይላል፣ የጾም ፍቺ ሲቃረብ ቅቤና ዱቄት ወተቱን ወደ ፊት መደርደሪያ አምጡ ብሎ ራሱ ያስታውሳል። የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ የሚቀይር ክፍልም ነበረው። በእሱ በጣም እኮራ ነበር።

ጋሽ ደርቤ አንድ ጠዋት ከጀርባዬ ቆመው ስክሪኑን ሲያዩ ቆዩና «ይቺ ቀን በአንድ ተሳስታለች» አሉኝ።

«ኮምፒውተር አይሳሳትም፣ ጋሼ» አልኳቸው፤ አዲስ ምሩቅ አይደለሁ።

«ኮምፒውተሩን መቼ አልኩ? አንተን ነው። አምና ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ ጳጉሜ ስድስት ሆነች። እንቁጣጣሽ በፈረንጆቹ በአሥራ ሁለት ነው የዋለው። አንተ በአሥራ አንድ ጀምረሃል።»

ብፈትሸው እውነታቸውን ነው። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ያላየሁትን እሳቸው ማርከር በያዘ እጃቸው ቆጥረው አገኙት። አፈርኩ፤ እፍረቴ ግን ወደ ምስጋና አልሄደም፣ ወደ ቂም ሄደ። በኋላ ያደረግሁትን ያቀልልኛል ብዬ አይደለም የምናገረው፤ የሆነው እንደዚያ ስለሆነ ነው።

ስቲከሩ መደርደሪያ ላይ በተለጠፈበት የመጀመሪያው የገበያ ቀን ጉድ ፈላ። ሰው መከራከር ጀመረ።

«ዋጋው ተጽፏል እኮ» ይላል መልሰው።

«ማን ጻፈው?»

«ማሽን ነዋ!»

«እሺ፣ ማሽኑ ይህን አለ። አንተስ ስንት ትላለህ?»

እስከ ማታ እንዲህ ሲሆን ዋለ። አንዲት ሴትዮ ስቲከሩን አገላብጣ አየችና «ይሄ ትኬት ነው እንዴ?» ብላ ጥላው ሄደች። ሰዉ ስቲከሩን የናቀው ማሽን ስለጠላ አይደለም፤ ስልኩም ባጃጁም ማሽን ነው። ከዋጋው ጀርባ የሚያውቀው ሰው ስላልነበረ ነው። መልሰው ግን ይህን በሌላ መንገድ ተረዳው። ከሱቁ ጀርባ ወዳለው መጋዘን ወሰደኝና «ፊደሉን የደርቤ አድርገው» አለኝ።

የሚቻል ነገር ነው። ኮምፒውተር ላይ የፊደል መልክ ፎንት ይባላል፤ የማንንም እጅ ጽሑፍ ወስዶ ፎንት ማድረግ ይቻላል። የሚያስፈልገው ሰውየው ፊደሉን በንጹሕ ወረቀት ላይ እንዲጽፍልህ ብቻ ነው። በማግስቱ ጋሽ ደርቤ ቤት ሄድኩና «ጋሼ፣ እጅዎ እንዳይጠፋ ኮምፒውተር ውስጥ ላስቀምጠው» አልኳቸው። ውሸት እንኳ አልነበረም፤ የሚብሰውም ይኸው ነው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ አጠለቁት፣ እንደገና አውልቀው ጠረጉት። ባለቤታቸው እትዬ ሰርክአዲስ ስኳር በሽታ ጥሏቸው አልጋ ላይ ነበሩ። ከዚያው ሆነው «አየህ፣ የሚያስታውስህ አላጣህም» አሏቸው።

ዘጠኝ ቀን ጻፉ። ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን ፊደል ከሀ እስከ ፖ፣ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ። ሦስት ጊዜ እንዲጽፉ ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ያልጣማቸውን ቀድደው እንደገና ይጽፋሉ። ሲጨርሱ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አይተው «ሯ የታለች?» አሉኝ። ረስቻት ነበር። «ሯ ሳትኖር የኒሯቅን ከተማ ስም በምን ልትጽፈው ነው?» ብለው ስቀው ቋን፣ ጓን፣ ሯን ሁሉ ጨመሩልኝ።

ወረቀቱን ሲሰጡኝ አንዱን ጫፍ ሳይለቁ ያዙት። «አንድ ነገር ማልልኝ፤ እጄን ውሸት አታጽፍብኝ።»

«ምን በወጣኝ፣ ጋሼ» አልኩና ማልኩ።

ፎንቱን ስሠራ በሕይወቴ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። ተራ ፎንት ቢሆን አንድ «ለ» ሁልጊዜ ያው «ለ» ነው፤ ዓይኑ የበራ ሰው ማሽን መሆኑን ይለያል። የእኔው ግን ሦስቱን እያፈራረቀ ይጽፋል፣ መስመሩንም አንዳንዴ ፀጉር ታህል ያዛንፈዋል፤ ቃሉ ሊያልቅ ሲል ወደ ቀኝ ጋደል ይላል። መልሰው ደግሞ ስቲከሩን በካርቶን ቁራጭ ላይ እየለጠፈ የማንጠልጠል ዘዴ አመጣ። ጎን ለጎን ባስቀምጣቸው የቱ የሰው፣ የቱ የማሽን እንደሆነ እኔው ራሴ ይምታታብኝ ነበር።

ጋሽ ደርቤ በዚያን ሰሞን እትዬ ሰርክአዲስን ሲያስታምሙ ሰንብተው ከሳምንት በኋላ ወደ ሱቅ መጡ። መደርደሪያው ሙሉ በእጃቸው ተጽፎ አገኙት። ቆሙ። አንዱን ካርቶን ገለበጡት፣ አሸተቱት፣ ሌላውን አነሱ።

«ይሄን መቼ ነው የጻፍኩት?» አሉ።

ማንንም አልነበረም የጠየቁት፤ ራሳቸውን ነው። ግንባራቸውን ይዘው ቀኑን ለማስታወስ ሲጥሩ ይታየኛል። አእምሯቸው የተነካ መሰላቸው። አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ወዲያው ልነግራቸው እችል ነበር። ግን ሥራዬ እሳቸውን እንኳ ማታለሉ ደስ አለኝና ዝም ብዬ አየኋቸው። መልሰው ነው በሳቅ ፈርሶ «ማሽኑ ነው፣ ጋሽ ደርቤ! ከእንግዲህማ ደክመዋል፤ እቤትዎ አረፍ ይበሉ» ያላቸው።

ማርከራቸውንና ማስመሪያቸውን በፌስታል ይዘው ወጡ። መልሰው ማሽኑን ወደ መጋዘን አገባው። ማሽኑ የት ደረሰ ላለው «ተበላሽቶ ተውኩት» ይላል፤ ጋሽ ደርቤስ ላለው ደግሞ «ሚስታቸውን እያስታመሙ እቤታቸው ሆነው ይጽፉልኛል» ይላል። ክርክሩ ቆመ። ሰው ካርቶኑን አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ከፍሎ ይሄዳል።

ክረምቱ ሲገባ መልሰው የሕፃናት ዱቄት ወተት በብዛት አመጣ። የዕቃው ጊዜ ሊያልቅ ስለደረሰ በርካሽ እንዳገኘው አውቅ ነበር፤ ቀኑን ኮምፒውተሩ ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝና። ነሐሴ ላይ ያበቃል። መስከረም ሲጠባ ግማሹ እንኳ አልተሸጠም። መልሰው ጠራኝና «ቀኑን በእጅ ማስተካከያ ቁልፍ አድርግልኝ» አለኝ።

«ለምን?»

«አንዳንዴ ስትጽፍ ትሳሳታለህ አይደል? ለእርማት ነው።» ከዚያ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «ኒሯቅና ጽጽቃ ያሉ ሁለት ነጋዴዎች ፕሮግራምህን ይፈልጉታል። አገናኝሃለሁ» አለኝ።

ገብቶኛል። አልገባኝም ነበር ብል ሌላ ውሸት መጨመር ነው። ቁልፏን በሃያ ደቂቃ ሠራኋት። ወተቱ ላይ «እስከ ጥር 20» የሚል በጋሽ ደርቤ እጅ ወጣ። ስቲከሩ ከቆርቆሮው ሥር፣ ልክ የፈረንጁ ቀን ላይ ተለጠፈ፤ ካርቶኑም ከመደርደሪያው ላይ ተንጠለጠለ።

ባንቺ የምትባል ሴት አለች፤ አንድ መሥሪያ ቤት ጽዳት ነው የምትሠራው። ባሏ እርጉዝ ሳለች ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ጠፍቶ ቀረ። የስድስት ወር ወንድ ልጅ ነበራት፤ ክርስትና ያነሱት ጋሽ ደርቤ ናቸው። ስለዚህ አበልጅ ናቸው፤ በእኛ አገር አበልጅነት ከሥጋ ዝምድና አያንስም። ጡቷ ነጥፎ ወተት ልትገዛ ስትገባ ሌላ ሱቅ አልሄደችም። የአበልጇን እጅ አይታ ሦስት ቆርቆሮ ገዛች።

ልጁ በአራተኛው ቀን ማስመለስና ማስቀመጥ ጀመረው። አሥራ ስምንት ቀን ሆስፒታል ተኛ። ተርፏል፤ ግን ሲወጣ ዓይኑ ብቻ የቀረ ነበር። አንዲት ነርስ ናት ቆርቆሮውን ገልብጣ ስቲከሩን በጥፍሯ የላጠችው፤ ከሥሩ ሁለት ወር ያለፈው ቀን ወጣ። ባንቺ ልጁን አዝላ፣ ግማሹ የተላጠ ስቲከር ያለበትን ቆርቆሮ ይዛ በቀጥታ ወደ ጋሽ ደርቤ ደጅ ሄደች። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ።

«አበልጅ፣ ይሄ የማን እጅ ነው?» አለቻቸው።

ጋሽ ደርቤ ቆርቆሮውን ተቀብለው አዩ። ሌላ ሰው ቢሆን አላውቅም ይል ነበር።

«እጁ የእኔ ነው» አሉ። «እኔ ግን አልጻፍኩትም።»

ባንቺ ምራቋን እግራቸው ሥር እንትፍ አለች። ከተማው ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ንግግራቸውን ቀልድ አደረገው። ጠላ ቤት ውስጥ ብርጭቆ የሰበረ «እጁ የእኔ ነው፣ እኔ ግን አልሰበርኩትም» ይላል። ኳስ የሳተ፣ ሚስቱን የመታ፣ ሁሉም ይህንኑ ይላል። የሚያስቅ ነገር ሲገኝ ሰቆጣ አትምርም። እኔም አንድ ጊዜ ሰው መሐል አብሬ ስቄያለሁ።

ባንቺ ከፖሊስ ይልቅ ሽማግሌ መረጠች። ሽማግሌዎቹ በሐጂ ዓሊዬ ግቢ ተቀመጡ። ሐጂ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ሲጣላ ወደ እሳቸው ይሄዳል። ከጎናቸው ቄስ ምሳው ነበሩ። መልሰው ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ። «እኔ ጋሽ ደርቤን አምኜ ነው የሸጥኩት። እንደ አገሩ ሁሉ አምኜ። ቢሆንም የልጁን መታከሚያ እኔ እከፍላለሁ» አለ። ሊሰሙ የመጡት ሴቶች መረቁት።

ጋሽ ደርቤ ተነሥተው ሁሉንም ተናገሩ። ፊደሉን ለእኔ እንደጻፉ፣ ማሽኑ ብቻውን በእጃቸው እንደሚጽፍ፣ መልሰው ካሰናበታቸው ወራት እንዳለፉ። በቅደም ተከተል፣ ሳይቆጡ ተናገሩ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሰውየው ወይ ጃጅተዋል ወይ ቀጥፈዋል፤ ማሽን እንዴት የሰው እጅ ይኖረዋል?

«እስኪ እዚህ ጻፈው» አሉ ቄስ ምሳውና ወረቀት ሰጧቸው። «እስከ ጥር 20 በል።»

እዚህ ላይ ሊድኑ ይችሉ ነበር። ትንሽ አጣመው ቢጽፉ፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ ብለው ቢያበላሹት፣ ሰዉ ልዩነቱን አይቶ ይጠራጠር ነበር። እኔ በልቤ አበላሹት፣ አበላሹት እላለሁ። ጋሽ ደርቤ ማስመሪያ ጠየቁ። ሁለት ስስ መስመር አሰመሩ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ፣ ከዚያ ጻፉ። ሽማግሌ ፊት ነውና ከወትሮው አሳምረው ጻፉ። ሆን ብሎ አጣሞ መጻፍም ለእሳቸው ውሸት ነው። ቄስ ምሳው ወረቀቱን ከቆርቆሮው አጠገብ አስቀምጠው አዩና ለሕዝቡ ከፍ አድርገው አሳዩት። ምንም ልዩነት አልነበረውም።

ሐጂ ዓሊዬ ብቻ አልረኩም። ወደ እኔ ዞሩ። «የሺዋስ ልጄ፣ ማሽኑን የሠራኸው አንተ ነህ። እኔ ስለ ማሽን አላውቅም፤ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ደርቤ እቤቱ ተኝቶ ሳለ፣ ይህ ማሽን የደርቤን እጅ መጻፍ ይችላል ወይስ አይችልም?»

አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ፤ ይችላል። ካልኩ ቀጥሎ የሚመጣው ማን ቀኑን ቀየረ፣ ማን ቁልፏን ሠራት ነው። ኒሯቅ ይቀራል፣ ጽጽቃ ይቀራል፣ ምናልባትም እስር ቤት አለ። መልሰው ወደ መሬት ነበር የሚያየው። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔ ግን ዝም እንኳ አላልኩም።

«ሐጂ፣ ማሽን ከሰው የተሰጠውን ነው የሚያትመው» አልኩ።

«ማን ሰጠው?»

«ጋሽ ደርቤ ናቸው ጽፈው የሰጡኝ። በራሳቸው ፈቃድ።»

«ቀኑንስ?»

«የቀኑን አቆጣጠር ያረሙልኝም እሳቸው ናቸው።»

አንዱም ውሸት አልነበረበትም። ሐጂ «የጠየቅሁህ ይህን አልነበረም» አሉ። ቄስ ምሳው ግን «ይበቃል ሐጂ፤ ልጁ ተናገረ እኮ» ብለው ነገሩን ዘጉት። ጋሽ ደርቤ ወደ እኔ ሲዞሩ ስድብ ጠብቄ ነበር። አልተሳደቡም። ያን ቀን በእጃቸው የተጻፈውን መደርደሪያ ሲያዩ እንደነበሩት ግንባራቸውን ይዘው ቆሙ፤ የገዛ ጆሯቸውን ማመን ያቃታቸው ይመስሉ ነበር።

ፍርዱ ጋሽ ደርቤ ድንጋይ ተሸክመው ባንቺን ይቅርታ እንዲጠይቁ ሆነ። ያልሠራሁትን አልሸከምም አሉ። ቄስ ምሳው «እንግዲያው የእድሩ ሰው ደጅህን አይረግጥም» አሏቸው። እትዬ ሰርክአዲስ በዚያን ጊዜ ከአልጋ መነሣት አቁመው ነበር። ጋሽ ደርቤ ይህን ሲሰሙ ተቀመጡ፤ ከዚያ «እሺ» አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነበር። ከወንዝ ያመጡትን ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ ከቤታቸው እስከ ባንቺ ቤት በዋናው መንገድ ሄዱ። ባጃጆች ቆሙ። አንድ ሰው «እጁ የእኔ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቅ ሆነ። ባንቺ ልጇን አዝላ በር ላይ ቆማለች፤ ወዲያው አውርድ አላለቻቸውም። ፀሐዩ ከረር ብሎ ነበር፤ ድንጋዩን እንደተሸከሙ ሲጠብቁ ከመንገዱ ማዶ ካለ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ አየሁ። «ልጅሽ ስለታመመ፣ ስለ እግዚአብሔር ይቅር በይኝ» አሉ። ስለሠራሁት አላሉም፤ ሰዉም ይህን ልብ ብሎ አጉረመረመ። ባንቺ መጨረሻ ላይ «ድንጋዩን አውርድ» አለች። «አበልጅነታችን ግን ከዛሬ ወዲያ የለም። ልጄን በመንገድ ብታየውም እንዳትስመው።»

እትዬ ሰርክአዲስ በጥር ሞቱ። እድሩ መጥቶ ቀበረ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የጋሽ ደርቤ ግን ራሳቸው በቁማቸው እያሉ ተቀበረ። የልደት ካርድ፣ የሰርግ መጥሪያ፣ ማመልከቻ የሚያጽፋቸው ሰው ጠፋ። የእኔ ፕሮግራም ኒሯቅም ጽጽቃም ገባ። እዚያ ያሉ ሰዎች የፊደሉን ባለቤት አያውቁትም፤ ማሽኑ የሚጽፈው ቆንጆ ነው ይላሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚል ሰው ሰቆጣ መጥቶ ይይ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደጃቸው ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። አንድ ጊዜ በሩን ከፍተው አይተውኝ ዘጉት።

ሚያዝያ ላይ መታወቂያ ለማደስ ቀበሌ ሄድኩ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ከፊቴ የቆሙት ጋሽ ደርቤ መሆናቸውን ያወቅሁት ጠረጴዛው ጋ ስንደርስ ነው፤ በጣም ከስተዋል። የምታስተናግደው ልጅ ማህደር ትባላለች፤ ከጎጃም ተመድባ ከመጣች ወር አልሞላትም። ቅጹን በራሷ እጅ ሞላችላቸውና እስክሪብቶውን አቀበለቻቸው።

«እዚህ ጋ ስምዎን ጽፈው ይፈርሙልኝ፣ አባባ።»

ጋሽ ደርቤ እስክሪብቶውን አልተቀበሉም። ከኋላችን ሰልፍ ላይ ያለ የሚያውቃቸው ሁሉ ምን ሊሉ ነው ብሎ ይጠብቃል። አንዱ ከወዲሁ መሳቅ ጀምሯል። ጋሽ ደርቤ እጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ ሳያወጡ ቆዩ።

«በጣቴ ላድርግ» አሉ።

«መጻፍ አይችሉም?»

«አልችልም፣ ልጄ።»

ጋሽ ደርቤ ሲዋሹ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ማህደር ደግ ልጅ ናት። «ምንም አይደል አባባ፣ ብዙ ሰው አይችልም» አለቻቸውና እንደ ሕፃን አውራ ጣታቸውን ይዛ ቀለሙ ላይ ጫን፣ ወረቀቱ ላይ ደግሞ ጫን አደረገችው። «አዩ? ቀላል ነው።» ጋሽ ደርቤ አመሰገኗት። ጣታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ እኔን ሳያዩ በአጠገቤ አልፈው ወጡ።

ልጅቷ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ዘረጋች። ተቀበልኩና ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።